ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ክብደት ለምን እኩል አይቀንስም?

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ እኔ በምኖርበት ብሎክና ከፊት ለፊቱ ባለው ብሎክ፣ በአንድ ወር ልዩነት የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሁለት ጎረቤቶች አሉን። ሁለቱም የልጆች እናቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከአርባ ጥቂት ያለፈ ነው፤ ለማነጻጸር ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ይመስል ቁመታቸው እንኳ እኩል፣ 1 ሜትር ከ62 ሴንቲ ሜትር ነው። የተሠራላቸውም ባለሙያዎቹ ስሊቭ የሚሉት፣ የጨጓራን አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ የሚያወጣው ዓይነት ነው። አንደኛዋ ከ118 ኪሎ ተነስተው በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ 76 ኪሎ ደረሱ። ሁለተኛዋ ከ121 ኪሎ ተነስተው በዚያው ጊዜ 97 ኪሎ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ወዲህም ሁለት ኪሎ መልሰው ጨምረዋል።

ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ሚዛኑን አስቀምጦ መንገደኛ የሚመዝን ልጅ አለ። ሁለተኛዋ ጎረቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውንና ነጠላቸውን ለልጁ ያስይዙና ጫማቸውን አውልቀው ይመዘናሉ፤ ቤት ሲገቡም ቁጥሩን በልጃቸው የሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጽፉታል። ገጹን አሳይተውኛል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ቁጥሮች ቁልቁል ይሮጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አንድ ኪሎ ወረድ፣ ግማሽ ኪሎ ወጣ እያሉ በአንድ ቦታ የሚዞሩ ናቸው። ከግርጌው በሌላ ቀለም «ምን አጠፋሁ?» የሚል ተጽፏል።

ሰፈሩ ግን ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል፤ «እሷ አፏን አልቻለችም» ይላል። እኔ በነርስነት የምሠራ፣ የሁለቱንም ማዕድ በቅርብ የማውቅ ሰው ነኝ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከአንድ የቡና ስኒ ብዙም የማይበልጥ ሽሮ ወይም ምስር ነው የሚበሉት፤ እንጀራው ከመዳፍ ያነሰ ቁራሽ ነው፤ ሁለቱም ጾመኞች ናቸው፤ ሁለቱም ጠዋት ጠዋት እስከ አደባባዩ በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። በአመጋገባቸው መካከል ልዩነት የለም አልልም፤ የ18 ኪሎ ልዩነት የሚያመጣ ግን አላየሁም።

ይህን ማብራሪያ እንድጽፍ ያደረገችኝ የሁለተኛዋ ታናሽ እህት ናት። ቶናው እየተቀዳ ሳለ፣ እህቷ ልጆቹን ለመጥራት ወደ በረንዳው ሲወጡ ጠብቃ፣ «ሲስተር፣ እኔም ወረፋ ይዣለሁ፤ ደማችን አንድ አይደል? እንደ እሷ የምቀር ከሆነ ለምን እቆረጣለሁ?» አለችኝ። ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይንቲስቶች በዚሁ ላይ ሲሠሩ ኖረዋል፤ መልሱ ግን «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ልዩነቱ በምን እንደሚለካ መግባባት ያስፈልጋል፤ በኪሎ ብቻ መቁጠር ያሳስታልና። ሐኪሞች በሁለት መንገድ ያሰላሉ። አንደኛው ከመነሻው ክብደት ስንት በመቶው እንደቀነሰ ማየት ነው፤ በዚህ ስሌት አንደኛዋ ጎረቤቴ 36 በመቶ ገደማ፣ ሁለተኛዋ በዝቅተኛው ነጥባቸው 20 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ሁለተኛው ትርፍ ከተባለው ክብደት ስንት በመቶው እንደሄደ ማየት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ62 ለሆነ ሰው ጤናማ የሚባለው ክብደት የላይኛው ወሰን 65 ኪሎ ተኩል ያህል ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ተብሎ ይቆጠራል፤ በዚህኛው ስሌት አንደኛዋ የትርፋቸውን 80 በመቶ፣ ሁለተኛዋ 43 በመቶ አራግፈዋል። በቆየው ልማድ ከ50 በመቶ በታች የሆነው ውጤት «በቂ ያልሆነ» ይባላል። ስያሜው አይጥመኝም። 24 ኪሎ የቀለለው ጉልበት ደረጃ ሲወጣ የሚሰማውን እፎይታ መቶኛው አይናገርም።

እንዲህ ያለው መራራቅ የሁለት ጎረቤታሞች አጋጣሚ ብቻ አይደለም። በስዊድን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 የተጀመረውና ከ4 ሺህ በላይ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለው ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ባይፓስ የተባለውን ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ሰዎች ከአሥር ዓመት በኋላ በአማካይ ከክብደታቸው 25 በመቶ ቀንሰው እንደቆዩ አሳይቷል። አማካዩ ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ከሦስት ሰው ሁለቱን ያህል የሚይዘው መካከለኛው ክልል ራሱ ከ14 እስከ 36 በመቶ የተዘረጋ ነበር። የቀዶ ሕክምናው ዓይነትም ጊዜውም ቢለይ፣ ሁለቱ ጎረቤቶቼ በዚህ ክልል ውስጥ የሚገኙ ናቸው፤ አንደኛዋ በላይኛው ዳር፣ ሁለተኛዋ ወደ ታች ጠጋ ብለው።

ታዲያ ጨጓራው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ዘር ምን አገባው? ይህን ለመረዳት ቀዶ ሕክምናው በእርግጥ የሚሠራውን ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው ነገሩን ጆንያ ሰፍቶ እንደማጥበብ ያስበዋል፤ ጆንያው ከጠበበ እህል አይገባም፣ እህል ካልገባ ሰው ይከሳል ማለት ነው። ማጥበቡ በእርግጥ አለ። በስሊቭ ከጨጓራው ከሦስት አራተኛ በላይ ይወጣል፤ በባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው ላይኛ ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም የቡና ስኒ ግማሽ ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከታችኛው የትንሹ አንጀት ክፍል ጋር ትያያዛለች። ነገር ግን ጉዳዩ መጥበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ እየተራበ ትንሽ ትንሽ እየደጋገመ በበላ ነበር። አብዛኞቹ የሚናገሩት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ረሃቡ ራሱ እንደ ቀነሰ፣ ድሮ ያምራቸው የነበረው እንዳስጠላቸው ይናገራሉ።

ምክንያቱ ሆድና አንጎል የሚነጋገሩበት መንገድ መለወጡ ነው። ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራው ላይኛ ክፍል ነው፤ ስሊቭ ያንን ክፍል ቆርጦ ስለሚያወጣው የግሬሊን መጠን ይወርዳል። በሌላ በኩል ምግብ ከወትሮው ፈጥኖ ወደ ታችኛው አንጀት ሲደርስ፣ እዚያ ያሉ ህዋሳት ጂ ኤል ፒ 1 እና ፒ ዋይ ዋይ የተባሉትን የጥጋብ ሆርሞኖች ከበፊቱ በብዙ እጥፍ ይለቃሉ። እነዚህ መልእክቶች በደምና በነርቭ ተጉዘው ሃይፖታላመስን ጨምሮ ረሃብንና ጥጋብን ወደሚቆጣጠሩት የአንጎል ክፍሎች ይደርሳሉ። ሃይፖታላመስ ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ቢሆንም፣ ምን ያህል እንደምንራብና ሰውነታችን ምን ያህል ጉልበት እንደሚያቃጥል የሚወሰነው በአብዛኛው በእሱ ነው።

ቢላዋው የሚነካው እንግዲህ መልእክት ላኪውን ነው፤ መልእክት ተቀባዩ አንጎል ሳይነካ ይቀራል። የመልእክቱ መጠን በሁለት ሰዎች እኩል ቢጨምርም፣ ተቀባዩ በአንደኛው ዘንድ ጆሮው የቀና፣ በሌላው ዘንድ ጆሮው የከበደ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ የተሠራው በእያንዳንዱ ሰው ጂኖች ትእዛዝ ነው፤ ዘረመል ወደ ነገሩ የሚገባው በዚህ በር ነው።

ከዚህ ላይ የሌፕቲን ነገር ይጨመራል። ሌፕቲን በ1994 በኒው ዮርክ በጄፍሪ ፍሪድማን ቤተ ሙከራ የተገኘ፣ ስብ የሚያከማቹ ህዋሳት የሚለቁት ሆርሞን ነው፤ ጎተራው ምን ያህል እንደሞላ ለአንጎል የሚነግር ነው ማለት ይቻላል። ሰው ሲከሳ ሌፕቲኑ ይወርዳል፤ አንጎልም ጎተራው እየተራቆተ ነው ብሎ ይደነግጥና ረሃብን ከፍ፣ የጉልበት ወጪን ዝቅ ያደርጋል። ድርቅን ተሻግሮ ለመጣ ፍጥረት ይህ ጥበብ ነበር። 40 ኪሎ ማራገፍ ለሚፈልግ ሰው ግን ጠላት ነው፤ ቀዶ ሕክምና ካደረጉት ብዙዎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ዝቅተኛው ክብደታቸው ላይ ደርሰው ከዚያ በኋላ ጥቂት የሚመልሱትም በከፊል በዚሁ የተነሳ ነው። የዚህ ድንጋጤ ብርታት ከሰው ሰው ይለያያል።

ጂን ስንል ሰውነት ፕሮቲን የሚሠራበትን የተጻፈ ትእዛዝ ማለታችን ነው፤ ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ ቅጂ እንወርሳለን። በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ፊደል ልዩነት ነው። ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ብንጽፋት ትርጉሟ አይለወጥም፤ «በላ» የሚለውን «ባላ» ብለን ብንጽፈው ግን የበላው ሰው ምሰሶ ሆኖ ይቀራል። የዘረመል ፊደሎችም እንዲሁ ናቸው፤ የሚበዙት ምንም አይለውጡም፣ ጥቂቶቹ በጥቂቱ ያዛባሉ፣ እጅግ ጥቂቶቹ ደግሞ ትእዛዙን ፈጽመው ያበላሻሉ።

ክብደት ዘርን እንደሚከተል ከታየባቸው ሙከራዎች ሁሉ እኔን የሚገርመኝ በካናዳ ኩቤክ፣ በላቫል ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ1990 የወጣው ነው። 12 ጥንድ ተመሳሳይ መንትያ ወጣት ወንዶች በመቶ ቀናት ውስጥ ለ84 ቀናት፣ በቀን ከሚያስፈልጋቸው በላይ 1,000 ካሎሪ ተጨማሪ እንዲበሉ ተደረገ። ትርፍ ምግቡ ለሁሉም እኩል ነበር፤ የጨመሩት ክብደት ግን ከ4.3 ኪሎ እስከ 13.3 ኪሎ ተለያየ። መንትያ ከመንትያው ጋር ሲነጻጸር ግን የጨመሩት ይቀራረብ ነበር፤ አንዱ ብዙ ከጨመረ ወንድሙም ብዙ ጨመረ፣ አንዱ ጥቂት ከጨመረ ወንድሙም ጥቂት ጨመረ። እኩል የበላ ሁሉ እኩል እንደማይወፍር ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ የለም። «አፏን አልቻለችም» ለሚለው ሰፈር ይህን መንገር እወዳለሁ።

መወፈር አንድ ነገር ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ መክሳት ሌላ። ለዚህኛው ጥያቄ የቀረበ መልስ የሰጠው በ2011 በቦስተን የወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ባይፓስ ካደረጉ ብዙ መቶ ሰዎች መካከል 13 ጥንድ የቅርብ ዘመዶችን፣ ማለትም ወላጅና ልጅን ወይም ወንድምና እህትን አገኙ። እነዚህ ጥንዶች ካራገፉት ትርፍ ክብደት አንጻር እርስ በርስ የነበራቸው ልዩነት 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በዘፈቀደ የተጣመሩ ባዕዳን መካከል ግን ልዩነቱ 25 በመቶ ገደማ ነበር። የጥናቱ ብልሃት ያለው በሦስተኛው ንጽጽር ነው፤ ዘመዳሞች የሚመሳሰሉት አንድ ድስት ስለሚጋሩ ቢሆንስ? ይህን ለመለየት ዝምድና ሳይኖራቸው በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ በአብዛኛው ባልና ሚስት የሆኑ ጥንዶችን ተመለከቱ። የእነዚህ ልዩነት 26 በመቶ ገደማ ሆነ፤ ከባዕዳኑ በምንም አልተሻለም። የተጠኑት ጥንዶች ጥቂት መሆናቸው መዘንጋት የለበትም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ለታናሽ እህቲቱ ይህን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። የቀረውን ሳልነግራት ቡናው አላለቀም። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» የሚባለው ለምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛ የዘረመል ትምህርት ነው። እህትማማቾች በአማካይ የሚጋሩት ከዘረመል ልዩነቶቻቸው ግማሹን ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ደግሞ ዕጣ ነው። ከአንድ እናትና አባት ተወልደው አንዷ ቀይ፣ አንዷ ጠይም፣ አንዷ እንደ አያቷ ቀጭን፣ አንዷ እንደ አክስቷ ደልዳላ ትሆናለች። የእህቷ ውጤት ለእርሷ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም።

የትኞቹ ጂኖች ናቸው ወደሚለው ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ያለ ቦታው ተስፋ የሚሸጠውም እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው ኤም ሲ 4 አር የተባለው ጂን ነው። የጥጋብን መልእክት በአንጎል ውስጥ የሚቀበል ፕሮቲን ይሠራል፤ ጉድለቱ ለከባድ ውፍረት እንደሚዳርግ የታወቀው በ1998 ነው። የጂኑ ሁለቱም ቅጂዎች የሌሏቸው አይጦች ባይፓስ ቢሠራላቸውም እንደ ጤነኞቹ አልከሱም፤ አንድ ደህና ቅጂ የነበራቸው ግን ከሱ። በሰውም አንድ ቅጂያቸው የተበላሸ ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ከሌላው ሰው ብዙም በማይለይ መጠን ሲቀንሱ በተደጋጋሚ ታይቷል። በዚሁ ጂን ላይ ያለ ሌላ የፊደል ለውጥ ደግሞ ያላቸውን ሰዎች ከባይፓስ በኋላ ይበልጥ ሲረዳቸው ተገኝቷል። አንድ ጂን እንዳለበት ፊደል ሊጎዳም ሊያግዝም ይችላል ማለት ነው።

ሌላው በስም የሚታወቀው ኤፍ ቲ ኦ ነው። በ2007 በአውሮፓውያን መካከል በተደረገ ትልቅ ጥናት ከሁለቱም ወላጆቻቸው የአወፋሪውን ቅጂ የወረሱ አዋቂዎች ካልወረሱት በአማካይ ሦስት ኪሎ ያህል እንደሚከብዱ ታየ፤ የወረሱትም ከመቶ 16 ነበሩ። ሦስት ኪሎ በ120 ኪሎ ሰው ላይ ምንድን ነው? ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን ውጤት በዚህ ጂን ለመተንበይ የሞከሩ ጥናቶችም አልተስማሙም፤ አንዱ ልዩነት አገኘሁ ሲል ሌላው አላገኘሁም ብሏል። በ2018 ደግሞ 700 ሺህ ያህል ሰዎች ተመርምረው 941 የዘረመል ነጥቦች ከክብደት ጋር ተያያዙ፤ ሁሉም ተደምረው በሰዎች መካከል ካለው የክብደት ልዩነት ያብራሩት 6 በመቶ ገደማውን ነው። አወፋሪ ጂን አንድ ትልቅ ወንዝ አይደለም፤ ከየሸንተረሩ የሚወርድ የብዙ መቶ ጠብታዎች ድምር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ሰውን የሚያወፍሩት ጂኖችና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ምን ያህል እንደሚከሳ የሚወስኑት ጂኖች የግድ አንድ አይደሉም። በ2013 የቦስተን ተመራማሪዎች መላውን ዘረመል ፈትሸው ከባይፓስ ውጤት ጋር የተያያዘ ነጥብ ያገኙት በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ቀድሞ በአወፋሪነት ስሙ ባልተነሳ ቦታ ነበር። የውፍረት ጂን ዝርዝር ይዞ የቀዶ ሕክምናን ውጤት ለመተንበይ መነሳት፣ ወደ ሰበታ የሚሄደውን ሰው በለገጣፎ ታክሲ ተራ እንደመፈለግ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚታይ አንድ ጥቂት ወገን አለ። በሌፕቲን፣ በሌፕቲን ተቀባይ ወይም ፖምሲ በሚባለው ጂን ላይ ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹባቸው ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ምልክታቸው ግን ጎልቶ ይታያል። ሕፃኑ ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው ከልክ በላይ ይወፍራል፤ ረሃቡ አይረካም፤ ምግብ ተደብቆበት እንኳ ፈልጎ ያገኛል። ወላጆቹ በሥጋ የሚዛመዱ ከሆነ ዕድሉ ይጨምራል። ለእነዚህ የዘረመል ምርመራ ሕክምናውን ይለውጣል፤ ሌፕቲን ለጎደለው ሌፕቲን ራሱ በመርፌ ይሰጣል፤ ለሌሎቹም ሴትሜላኖታይድ የተባለው መድኃኒት በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ሆዳም» ብሎ መምታት ትልቅ በደል ነው። ጎረቤቶቼ ግን ከዚህ ወገን አይደሉም፤ ሁለቱም በልጅነታቸው ቀጫጭን ነበሩ፣ የወፈሩት ከወለዱ በኋላ ነው።

ታናሽ እህቲቱ በቴሌግራም የደረሳትን ማስታወቂያ አሳየችኝ፤ ምራቋን በትንሽ ብልቃጥ ብትልክ «ቀዶ ሕክምናው ይሠራልሽ እንደሆነ» አስቀድመው እንደሚነግሯት ይናገራል። ዋጋውን አይቼ ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ምርመራ ዛሬ ለእርሷ የሚነግራት ቁም ነገር የለም። ከላይ እንዳየነው የታወቁት ጂኖች የሚያብራሩት ጥቂቱን ነው፤ በዚያ ላይ ያ ጥቂቱ የተጠናው በአብዛኛው በሌሎች ላይ ነው። በ2016 በተደረገ ቆጠራ በመሰል የዘረመል ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች ከመቶ 80 በላይ የሚሆኑት አውሮፓዊ ትውልድ ያላቸው ሲሆኑ፣ አፍሪካዊ ትውልድ ያላቸው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የሰው ልጅ የዘረመል ብዝኃነት ከሁሉ የሚሰፋው ግን በአፍሪካ ነው። በስዊድን ወይም በእንግሊዝ ሰዎች ላይ የተቀመረ የዘረመል ስሌት ለሰላሌ ወይም ለጉራጌ ተወላጅ ሲሠራ ትንበያው ይደክማል፤ በሌላ ሰው እግር ልክ የተሰፋ ጫማ እንደማለት ነው።

ዘረመል ይህን ያህል ድርሻ አለው ማለት ሌላው ከንቱ ነው ማለትም አይደለም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በ2000 ከመጠን በላይ የወፈሩ ሴቶች ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ግን ከመቶ 8 ሆኑ፣ በከተማ ደግሞ ከመቶ 21። በ16 ዓመት ውስጥ ዘረመላችን አልተለወጠም። የተለወጠው ኑሯችን ነው፤ እኛም ወደዚህ ዳርቻ ስንመጣ ከቤት እስከ ታክሲ በባጃጅ፣ ከታክሲ እስከ ቢሮ ተቀምጠን መሄድ፣ ማታም ደክሞን ገብተን ዘግይቶ መብላት ለምደናል። ጂኑ ድሮም ነበር፤ ወለል ያለ በር የተከፈተለት አሁን ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን ውጤትም ቢሆን በጣም ቀላል ጥያቄዎች ከጂን ምርመራ ይበልጥ ይተነብያሉ። በ2023 በፈረንሣይ ሊል ከተማ ተመራማሪዎች መሪነት የወጣ ስሌት፣ ከ10 ሺህ በላይ በሆኑ ሰዎች መረጃ ላይ ተመርኩዞ፣ የአንድን ሰው ክብደት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ለመገመት የሚጠይቀው ሰባት ነገሮችን ብቻ ነው፤ ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜ፣ የቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ ሲጋራ ማጨስ አለማጨስ፣ የስኳር በሽታ መኖር አለመኖሩና ካለም ስንት ዓመት እንደሆነው። ከሰባቱ አንዱም የደም ወይም የምራቅ ናሙና አይፈልግም። ሁለተኛዋ ጎረቤቴ ስኳር ከያዛቸው ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አንደኛዋ ስኳር የለባቸውም። ሰፈሩ ይህን አላሰበውም፤ እኔም መጀመሪያ አላሰብኩትም ነበር።

ሌላው ፕሮቲን ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንዲበላ ይመከራል፤ በጾም ወራት፣ እንቁላልና ወተት በሌለበት፣ በቡና ስኒ በሚለካ ማዕድ ይህን መሙላት እጅግ ከባድ ነው። ፕሮቲን ሲያንስ ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ይቀልጣል፤ ጡንቻ ሲያንስ ሰውነት ቁጭ ብሎ የሚያቃጥለው ጉልበት ያንሳል። ለነፍስ አባትና ለሐኪም በአንድነት የሚነገር ጉዳይ ስለሆነ እኔ ከዚህ በላይ አልገባበትም። ቢ 12፣ አይረንና ሌሎቹ ቫይታሚኖች ግን ጾምም ፍስክም የላቸውም፤ ክብደት ቀነሰም አልቀነሰም ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው።

ክብደቱ መመለስ ከጀመረም ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም። ሁለተኛዋ ጎረቤቴ ሁለቱን ኪሎ ደብቀው ለስድስት ወር ያህል ከቀጠሯቸው ቀርተው ነበር፤ ሐኪሙ እንዳይቆጣቸው ፈርተው። የሚያስፈልጋቸው ግን ቁጣ አልነበረም። ለአንጎል የጥጋብን መልእክት የሚያበረቱ፣ እንደ ጂ ኤል ፒ 1 የሚሠሩ መድኃኒቶች ዛሬ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ይታዘዛሉ፤ አስፈላጊ ሲሆን ስሊቩ ወደ ባይፓስ ይለወጣል። ሁለቱም የሚቻሉት ግን ቁጥሩ ለሐኪሙ ሲነገር ነው።

ታናሽ እህቲቱን ለምራቁ ምርመራ የምታወጣውን ገንዘብ እንድትይዘው ነግሬያት አንድ ወረቀት ሰጠኋት። የእናቷን፣ የአባቷን፣ የሁለት አክስቶቿንና የወንድሟን ክብደት፣ መቼ መወፈር እንደጀመሩ፣ ማን ስኳር እንዳለበት ጻፈችበት። አንዷ አክስት በውጭ አገር ሆነው ባይፓስ እንዳደረጉ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ተደወለላቸው፤ 38 ኪሎ ቀንሰው ሰባት ዓመት እንደቆዩ ነገሯት። እህቷ ከበረንዳው ሲመለሱ ወረቀቱን አይተው ቁጭ አሉና የሒሳብ ደብተሩን አስመጡ፤ የመጨረሻውን ገጽ ከ121 ጀምሮ ቀን በቀን ለታናሻቸው ገለበጡላት። ከግርጌ ያለችውን ጥያቄ አልገለበጧትም። ቀጠሮው ለግንቦት 12 ነው፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።